ከአሸዋው በታች ያለው ጥልቀት

በወረቀቱ ላይ «የውሃው ከፍታ አንድ ክንድ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ «አንድ ክንድ ውሃ ጤነኛ ሰው ስለማይገድል፣ ሟቹ ሰክሮ እንደነበረ ታውቋል» ይላል። ከዚያ ማኅተም አለ። ይህን ወረቀት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ባነበብኩት ቁጥር የሚያንገበግበኝ አንድ ቦታ ነው። «ታውቋል» የሚለው። ማን አወቀው? በምን አወቀው?

ነገሩን ከየት እንደምጀምር ስላላወቅሁ ከወረቀቱ ጀመርኩ። ሟች የተባለው ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ እለው ነበር። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናታችንንም እኔንም ያኖረን እሱ ነው። እኔ አዲስ አበባ ተማሪ ቤት ገብቼ ጂኦሜትሪ የተማርኩት፣ እሱ አዳማ ላይ አሸዋ እየዛቀ ነው።

ከባቡር ጣቢያው ወደ ገበያው የሚወስደውን መንገድ አንድ የጎርፍ መውረጃ ያቋርጠዋል። በበጋ ፍየሎች የሚውሉበት ደረቅ ቦይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ከላይ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ሁሉ በእሱ ያልፋል። መንገዱን እንዳይቆርጠው ከሥር ቱቦ ተቀብሯል። ከወፍራም ላሜራ የተጠቀለለ ክብ ቱቦ ነው፤ አፉ ከዳር እስከ ዳር ልክ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል። የወንድሜ ሥራ ይህን ቱቦ መጠበቅ ነበር። አሸዋና እሾህ ሲሞላው ይጠርጋል፣ ጎርፍ ባለፈ ቁጥር ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ለመንገዱ ሥራ አለቃ ይናገራል።

ውሃው የት ድረስ እንደወጣ ማወቅ ቀላል ይመስላል። አይደለም። የእኛ አገር ጎርፍ ቆሞ አይጠብቅም። መጣ ሲሉት አልፏል፤ ሰው ሲደርስ የሚያገኘው እርጥብ አሸዋ ነው። ስለዚህ ወንድሜ የራሱን ዘዴ አበጀ። ከላይኛው አፍ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ፣ የቱቦውን ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጣራው አንድ መዳፍ በምታህል መስመር ኖራ ይቀባዋል። ጎርፉ ሲያልፍ ውሃ የነካውን ኖራ ያጥበዋል፤ ያልነካው ነጭ እንደሆነ ይቀራል። በማግስቱ ይገባና ነጩ የሚጀምርበትን ቦታ ያያል። ያ የውሃው ጫፍ ነው። ለክቶ ይወጣል፣ ጠርጎ እንደገና ይቀባል። ይህን ያስተማረው ሰው የለም።

በትርም ነበረው። ስለ በትሩ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ስቄበታለሁና።

አንድ ክረምት ተማሪ ቤት ሲዘጋ በባቡር መጣሁ። ጓሯችን ውስጥ ከዚያው ቱቦ ተቆርጦ የተረፈ አጭር ቁራጭ ተጋድሟል። ሁለቱን አፎቹን በሳንቃና በጭቃ ደፍኖ፣ ከላይ ጀርባው ላይ ቀዳዳ አበጅቶለታል። በላምባ ቆርቆሮ ውሃ እየቀዳ በቀዳዳው ይጨምራል፤ አንድ ቆርቆሮ በጨመረ ቁጥር በትሩን እስከ ወለሉ ያስገባና እርጥቡ ያለቀበት ላይ በቢላ ይጭራል። ሲሞላ አሥራ ሰባት ቆርቆሮ ሆነ። በትሩን አንስቼ አየሁት።

«ጋሼ፣ ጭረቶቹ እኩል አይደሉም እኮ» አልኩት።

«አይደሉም» አለ።

«ሜትር እኩል እኩል ነው የሚከፈለው።»

«ሜትሩ እኩል ነው። ቱቦው ነው እኩል ያልሆነው።» በትሩን ተቀብሎኝ በአውራ ጣቱ ከታች ወደ ላይ ሄደበት። «ይኸውልህ፣ ከታች ጠባብ ነው፤ ትንሽ ውሃ ሲገባ ብድግ ይላል። ወገቡ ጋ ሲደርስ ሰፊ ነዋ፣ ይተኛል፤ ብትጨምርበት ብትጨምርበት አይነሳም። ጣራው አጠገብ ደግሞ እንደገና ብድግ። ክፉው እሱ ነው። ገና ቦታ አለ ስትል አፍንጫህ ላይ ነው።»

እኔ ሳቅሁ። ፈረንሳይኛ የማውቅ፣ ሰሌዳ ላይ ክብ የምስል ሰው ነበርኩ። ከሳቅሁ በኋላ ግን ነገሩ አላስቀመጠኝም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ደብተሬን ይዤ በክብ ውስጥ ለእያንዳንዱ ከፍታ ስንት ውሃ እንደሚገባ አሰላሁ። ሳስተያየው በትሩ ከስሌቴ አንዲት ጣት ያህል እንኳ የራቀበት ቦታ አልነበረም። አፈርኩ። ስህተቴን ግን አልነገርኩትም። ሳልነግረው ሞተ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልሂድ። እኔ አልነበርኩም። የነገረኝ የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ነው፤ የወለንጪቲ ሰው ነው፣ ከወንድሜ ጋር ሦስት ክረምት ቱቦውን አብሮ የጠረገ። ሲናገር የጨመረው የለም፤ ብጠይቀው ብጠይቀው ያንኑ ነው የሚደግመው።

ሰኔ ገብቷል። በማግስቱ ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው በአውቶሞቢል መጥቶ መንገዱን ያያል ስለተባለ፣ አለቃው ቱቦው ዛሬውኑ እንዲጠረግ አዘዘ። አዳማ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ነፋሱ እንደ ልማዱ አቧራ ያነሳል። ከላይ ተራራው ግን ጠቁሯል።

ወንድሜ «ጌታው፣ ላይኛው ጠቁሯል፤ ዛሬ ሰው ባይገባ ይሻላል» አለ።

አለቃው በቅሎው ላይ እንዳለ ሽቅብ አይቶ «እዚህ ፀሐይ ነው» አለው። «አንተ የምትጠርገው የተራራውን ቱቦ ነው ወይስ የኔን?»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ወንድሜ ገባ።

እስከ እኩለ ቀን አሸዋውን በሙሉ አውጥተው በላይኛው አፍ ዳር ከመሩት። ላሜራው ከዳር እስከ ዳር ታየ። ወንድሜ ዶማውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ የኖራ መስመሩን ቀባ። ከዚያ ታችኛው አፍ ላይ የተሰነቀረ እሾህ ነበርና እሱን ሊያወጣ ወደ ውስጥ ዘለቀ። ታችኛው አፍ ፊት ለፊት አለቃው ለግንብ ያስከመረው ድንጋይ ነበር። መውጫውን ከግማሽ በላይ ዘግቶታል። ይህ ድንጋይ ይነሳ ተብሎ ስንት ጊዜ እንደተነገረ ባልደረባው ያውቃል፤ እሱም ነግሯል፣ ወንድሜም ነግሯል።

ደራሽ ውሃ ድምፁ ከራሱ ይቀድማል። ባልደረባው ከላይ መንገዱ ላይ ነበር፤ ሰምቶ ጮኸ። ወንድሜም ሰምቶ ይሆናል። ወዴት ይሂድ? ከላይ ውሃው ነው፣ ከታች ድንጋዩ። በዳዴ ካልሆነ በማይኬድበት ቱቦ ውስጥ።

ውሃው ሲጎድል ነው ያገኙት።

በማግስቱ አለቃው የመለኪያ ገመዱን ይዞ ቱቦው ውስጥ ገባ። ጎርፉ ያመጣው አዲስ አሸዋ ወለሉን ሞልቶታል። አለቃው በዚያ አሸዋ ላይ ተንበርክኮ፣ ከአሸዋው ገጽ እስከ ኖራው ጫፍ ለካ። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር። አንድ ክንድ። ወጥቶ «ቱቦው ግማሹ እንኳ አልሞላም» አለ። ግማሹ ካልሞላ ደግሞ በዳዴ የሄደ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ መተንፈስ ይችላል። ካልተነፈሰ አንድ ነገር ሆኖ ነበር። ምን ሆኖ ነበር? ከጎርፉ በፊት በነበረው ቀን ማኅበር ነበር፤ ወንድሜ ጠላ ጠጥቷል። ጠላ ያልጠጣ ማን ነበር? አለቃው ራሱ ከማኅበርተኞቹ እኩል ተቀምጦ ሲቀዳለት ነው የዋለው። ግን ወረቀቱ ተጻፈ፤ የከተማው ሹም ማኅተም ተመታበት፤ ድንጋዩ ከነገሩ ወጣ፤ የጠቆረው ተራራ ከነገሩ ወጣ፤ «ሰክሮ» የምትለው ቃል ገባች።

እኔ ስደርስ ተቀብሯል። ለቅሶው ላይ ሰው ሞልቶ ነበር። ከድንኳኑ ውጭ፣ እኔ ከጀርባቸው መሆኔን ሳያውቁ፣ ሁለት ሰዎች ይንሾካሾካሉ። አንዱ ገበያ ላይ የሰማውን ለሌላው ይነግረዋል፤

«በክንድ ውሃ ውስጥ ሰው እንዴት ይሞታል?
ጠርሙሱን ጠይቁት፣ እሱ ይመልሳል።»

ሌላው ፈገግ አለ። ከዚያ ሁለቱም ገብተው አለቀሱ።

እናታችን ስታየኝ አላቀፈችኝም። እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። «አንተ ተምረሃል» አለችኝ፤ «አንድ ክንድ ውሃ ነው እንዴ ልጄን የበላው? ውሃን እንደሱ የሚያውቅ ሰው አለ? ሂድና እይልኝ።»

ሄድኩ። ባልደረባው አብሮኝ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ቱቦውን የነካው ሰው የለም፤ ሠራተኞቹ ፈርተዋል። ነገር ግን አለቃው በማግስቱ ጠዋት ይጠረግ ብሎ አዝዟል። ገባሁ። ኖራው ከላይ ነጭ ነው፣ ከታች ታጥቧል፤ መሃል ላይ በክር የተሰመረ ይመስላል። ከአሸዋው እስከዚያ ለካሁ። ሃምሳ። አለቃው አልዋሸም። እዚያው ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፤ ለጥቂት ጊዜ አመንኩት። ወንድሜን ጠረጠርኩት።

ባልደረባው በቱቦው አፍ በኩል ጎንበስ ብሎ «የተቀመጥክበት እኮ ወለሉ አይደለም» አለኝ። «እኛ ወለሉን አይተነዋል። ይህ አሸዋ እሱን ከገደለው ውሃ ጋር የመጣ ነው።»

ይህን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የውሃው ጥልቀት የሚለካው ውሃው ሲመጣ ከነበረው ወለል ነው። አሸዋው ውሃው ሲያርፍ የረጋ ነው። የቀረው ከአሸዋው በታች ምን ያህል እንዳለ ማወቅ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ቱቦው ክብ መሆኑ በቂ ነው። የአሸዋውን ስፋት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለካሁ። ዘጠና ስድስት ሳንቲ ሜትር።

ስሌቱን ተማሪ ላልሆነ ሰውም ልጻፈው፤ ከባድ አይደለም። ከክቡ መሃል ነጥብ እስከ ግድግዳው ሃምሳ ነው። የአሸዋው ስፋት ግማሽ አርባ ስምንት ነው። ሃምሳ በራሱ ሲባዛ ሁለት ሺህ አምስት መቶ፤ አርባ ስምንት በራሱ ሲባዛ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አራት፤ ሲቀናነሱ መቶ ዘጠና ስድስት። እሱም አሥራ አራት በራሱ ሲባዛ የሚሰጠው ነው። ስለዚህ የአሸዋው ገጽ ከመሃሉ ነጥብ በአሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ወደ ታች ከሆነ የአሸዋው ጥልቀት ሠላሳ ስድስት ነው፤ ወደ ላይ ከሆነ ስልሳ አራት። ስልሳ አራት ሊሆን አይችልም፤ ስልሳ አራትና ሃምሳ ሲደመር ከቱቦው ይበልጣል። ሠላሳ ስድስት ነው። ሠላሳ ስድስትና ሃምሳ ሰማንያ ስድስት።

ከመቶው ሰማንያ ስድስት። ለወንድሜ የቀረችው አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ናት። ስንዝር አትሞላም። በእሱ በትር ብንሄድ ደግሞ ከአሥራ ሰባቱ ቆርቆሮ አሥራ አምስት ተኩሉ ገብቷል። ይህ ነው «ግማሹ እንኳ አልሞላም» የተባለው።

በማግስቱ ጠዋት አለቃው አካፋ የያዙ ሦስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ደብተሬን አሳየሁት። በቅሎው ላይ ሆኖ ወደ ታች ተመለከተው።

«ወንድምህ በበትር፣ አንተ በቁጥር» አለ። «አሸዋው ውስጥ ገብተህ አይተሃል?»

«አላየሁም። ግን ይታወቃል።»

«እኔ ደግሞ የማውቀው ይህ አሸዋ ከጎርፉ በፊትም እንደነበረ ነው። ወንድምህ አልጠረገውም። ሰካራም ብቻ አልነበረም፣ ሰነፍም ነበር።» ወደ ሠራተኞቹ ዞረ። «ግቡ። አውጡት።»

አሸዋው ከወጣ ምን ያህል እንደነበረ ማን ያውቃል? እኔ ስናገር ቃል የሚይዘኝ ሰው ነኝ፤ ስቆጣ ጨርሶ ይጠፋብኛል። ያን ጊዜ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «በሕግ አምላክ» አልኩ።

አካፋዎቹ ቆሙ። አለቃውም ቆመ። በአገራችን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ንጉሥ ቢሆን ሳይዳኝ አንድ እርምጃ አይራመድም፤ አለቃው ይህን ያውቃል፤ ሠራተኞቹ እያዩት ነው። ከበቅሎው ወረደ። አሁን የሚቀረው መንገደኛ ዳኛ ነው፤ በመንገዱ መጀመሪያ የሚመጣው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን።

የመጡት ከደራ በኩል በአራት አህያ ገብስ የጫኑ ሽማግሌ ነበሩ። እስላም ናቸው፣ ራሳቸው ላይ ነጭ ጠምጥመዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላም አሉን፤ ፊታችንን አይተው አህዮቹን አቆሙ።

«አባባ፣ ይዳኙን» አልኳቸው።

«እኔን? ገበያ ረፍዶብኛል እኮ።» አለቃውን አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ በሐዘን ያዘቀዘቅኩትን ነጠላዬን አዩ። ተነፈሱ። «እሺ። ተቆራኙ።»

እንደ ሥርዓቱ ነጠላና ነጠላ ይቋጠራል። አለቃው ግን ካኪ ኮት ነው የለበሰው። የሚቋጠር ጫፍ ታጣለት። ሽማግሌው ወዲያ ወዲህ ካሉ በኋላ የነጠላዬን ጫፍ በኮቱ የቁልፍ ቀዳዳ አሳልፈው አሰሩት።

«የተማረ ሰው ልብስ ለፍርድ አይመችም» አሉ። አካፋ የያዙት ሰዎች ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ።

አለቃው «በበቅሎዬ እወራረዳለሁ» አለ። እኔ የምወራረድበት የለኝም። የወንድሜ ባልደረባ ከኋላዬ «በበሬዬ» አለ። ያለው በሬ ሁለት ነው።

ሁለታችንንም ሰሙ። ቁጥሬን ስነግራቸው አላቋረጡኝም፤ ስጨርስ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን አላውቀውም። የማያውቁትን አይዳኙም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ሳይቆፈር ስንት ይሆናል ትላለህ? አሁን፣ በፊት፣ ንገረኝ።»

«ሠላሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር።»

«በኔ ከዘራ አሳየኝ።»

በመለኪያዬ ለክቼ ከከዘራው ጫፍ ሠላሳ ስድስት ላይ አሳየኋቸው። እሳቸው ሣር ነቅለው እዚያ ላይ አሰሩበት። «እንግዲህ ሣሯ ከአሸዋው ትክክል ከሆነች ይህ ልጅ እንዳየ ሰው ነው የሚናገረው። ከገባች ወይም ከወጣች ጌታው ረትተዋል። ተስማማችሁ?» አለቃው ተስማማ። አፉ ላይ ሳቅ ነበር።

ቁራኛ እንደሆንን ሁለታችንም በአንድ ላይ ቱቦው አፍ ላይ ተንበረከክን፤ ሌላ መንገድ አልነበረም። ባልደረባው በእጁ ቀስ እያለ፣ ኖራው ካለበት አጠገብ፣ መሃሉን ቆፈረ። ላሜራው እስኪሰማ። ሽማግሌው ከዘራቸውን አቆሙ።

ሣሯ ከአሸዋው ገጽ ጋር ትክክል ነበረች።

ባልደረባው ግን እጁን ከጉድጓዱ አላወጣም። የሆነ ነገር ነክቷል። አሸዋውን ወደ ጎን ገፋ ገፋ አደረገና አሳየን። ዶማ ነው። እጀታው እንዳለ፣ ላሜራው ላይ ተጋድሞ፣ ከሥሩ አሸዋ የለበትም።

ሽማግሌው ተንበርክከው ተመለከቱት። «ዶማ ከአሸዋ ሥር ገብቶ አይተኛም» አሉ። «ሰው ባዶ ወለል ላይ አስቀምጦታል፤ አሸዋው ኋላ መጥቶ ለበሰው።» ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ። «ወለሉ የተጠረገ ነበር። ውሃው ይህ ልጅ ያለው ያህል ነበር። ሰውየው ክዳን በተከደነ ማሰሮ ውስጥ ነው የሞተው። ጌታው፣ ተረትተዋል።»

«ስካሩስ?» አልኩ።

«እኔ የዳኘሁት ጥልቀቱን ነው። ሰክሮ ያየ ካለ ይምጣና ይናገር።» ዙሪያውን አዩ። የመጣ የለም። የውርርዱን በቅሎ ለዳኛው ነው ቢባሉ እምቢ አሉ። «እኔ አህያ ነጂ ነኝ፤ በቅሎ ምን ያደርግልኛል? ለሟች እናት ይሁን።» ቋጠሯችንን ፈትተው አህዮቻቸውን ነዱ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

የመንገዱን ፍርድ ይዤ ሹሙ ዘንድ ቀረብኩ። ሹሙ ሰሙ፤ ባልደረባውም መሰከረ፤ አለቃውም ዶማውን አልካደም። ሹሙ ጸሐፊውን ጠርተው «ጥልቀቱ ይስተካከል» አሉ። ደስ አለኝ። ወረቀቱን ሲሰጡኝ አነበብኩት። በዳሩ ላይ፣ በጠባቡ ነጭ ቦታ፣ በደቃቅ ጽሕፈት «ውሃው ሰማንያ ስድስት ሳንቲ ሜትር እንደነበረ ኋላ ተረጋግጧል» ተብሎ ተጨምሯል። መሃሉ እንዳለ ነው። «አንድ ክንድ ውሃ ጤነኛ ሰው ስለማይገድል ሟቹ ሰክሮ እንደነበረ ታውቋል።»

«ይህ እኮ ፈረሰ» አልኩ። «አንድ ክንድ ስላልሆነ ሰክሮ አልነበረም። ያኛው ከወደቀ ይሄኛው በምን ይቆማል?»

ጸሐፊው «ማኅተም ያረፈበት አይፋቅም» አለኝ። «የሚጨመር ይጨመራል። የሚፋቅ የለም።»

በተማሪ ቤት አንድ መስመር ስህተት ከሆነ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ይሰረዛል። መምህራችን ቀይ ቀለም ያሰምርበት ነበር። እዚህ አገር ስህተቱን እውነት ጎን አስቀምጠው ሁለቱንም ማኅተም ያደርጉባቸዋል።

በሦስተኛው ቀን በቅሎው በራችን ላይ ታስሮ ተገኘ። ያመጣው ሎሌ ቃል ይዟል፤ «ጌታዬ ሐዘናችሁን ይካፈላሉ፤ በቅሎው የእናንተ ነው፤ ከእንግዲህ የወረቀቱን ነገር አታንሱት።» ጥሩ በቅሎ ነው። ወንድሜ በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ያለ በቅሎ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ጎረቤት «ተቀበሉ፣ የሞተ አይመለስም» አለን። እናታችን ጎረቤቱን ቡና ቢጤ እንኳ ሳታቀርብለት ሸኘችው።

የገበያ ቀን ጠበቀች። በቅሎውን በልጓሙ ይዛ፣ በጥቁር ልብሷ፣ በገበያው መሃል ለመሃል አለፈች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። አለቃው አንድ የጨርቅ ሱቅ በር ላይ ከሰዎች ጋር ቆሟል።

«በቅሎህን እንካ» አለችው።

«እማማ፣ የእርስዎ ነው፤ በፍርድ ነው የተሰጠዎት።»

«እኔ በቅሎ አልጠየቅሁም። አንዲት ቃል አጽፈሃል፤ እሷን መልስልኝ።»

«ቃል ከተጻፈ በኋላ እንዴት ይመለሳል፣ እማማ?»

«የጻፈ እጅ አይሰርዝም?» አለች። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እሺ፣ አትሰርዝ። ልጠይቅህ። ልጄን ያን ቀን ሰክሮ አይተኸዋል?»

አለቃው ወደ ሰዎቹ አየ። ከሰዎቹ መሃል አካፋ ይዘው የነበሩት አሉ፤ ወንድሜ ተራራው ጠቁሯል ሲል የሳቁትም አሉ። አሁን የሚስቅ የለም።

«አላየሁም» አለ።

እናቴ ልጓሙን እጁ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

ሰው ሁሉ አሁን በቃ ይለኛል። በገበያ ፊት አመነ፣ ስሙ ጠራ፣ ምን ቀረህ ይሉኛል። እኔ ግን «አላየሁም» ማለት «አልሰከረም» ማለት አይደለም እላለሁ። የገበያው ሰው ነገ ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ይረሳል። ወረቀቱ ይኖራል። ከእኛ በኋላ አንድ የማያውቀን ሰው ሳጥኑን ከፍቶ ያነበዋል፤ የሚያነበው ወንድሜን አይደለም፤ አንድ ክንድ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰካራም ነው።

ወደ ጸሐፊው ሄጄ «አላየሁም ማለቱም ይጨመርልኝ» አልኩ። ወረቀቱን አውጥቶ አገላብጦ አየው። «ዳሩ ሞልቷል» አለኝ።

«እንግዲያው መሃሉ ይሰረዝ።»

«አይሰረዝም አልኩህ።»

ይህ ከሆነ ሁለተኛው ክረምት ነው። ወደ ተማሪ ቤት አልተመለስኩም። የጋሼን ሥራ ይዣለሁ፤ ቱቦውን ከባልደረባው ጋር እጠርጋለሁ፣ ኖራ እቀባለሁ፤ ላይኛው ሲጠቁር አልገባም፣ ማንም ቢያዝ። ሥራ በሌለ ቀን የሹሙን ደጅ እጠናለሁ። ይህንንም የምጽፈው እዚያው፣ ከጸሐፊው በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ጸሐፊው ሲገባና ሲወጣ እግሬን ተራምዶ ያልፋል። ዛሬ ጠዋት ቆም ብሎ «አሁንም አለህ?» አለኝ።

«አለሁ» አልኩት። እግሬን አልሰበሰብኩለትም።